ከመብራቱ ሥር

መጀመሪያ ሌባ መስላኝ ነበር ራውሃ፣
በእኩለ ሌሊት ስትዞር በዚያ ነጭ በረሃ፤
ጀርባዋ ላይ የካሜራ መቆሚያ፣
በልጆች መንሸራተቻ የምትጎትተው ከመኪና የተነቀለ መብራት፣
ሰባ አንድ ዓመት ሞልቷት፣ ብርዱን ንቃ በውድቅት።

የኔ ሥራ በረዶ መሥራት ነው፤ ሰማይ ሲሰስት፣
ውሃና አየር አጋጭቼ ዳገቱን ማልበስ በሌሊት።
ኬሚያርቪ ጫፍ ላይ፣ ከሐይቁ ማዶ፣
ሌላው የሚጠርገው፣ እኔ የማመርተው በረዶ።

"ማን ነሽ?" አልኳት፣ የእጅ ባትሪዬን አብርቼባት።
"አጥፋው! ግማሽ ሰዓት ነው ዓይኔን ከጨለማ ያስታረቅሁት፤
በአንድ ጣትህ አፈረስከው፤ ካሳ ትከፍላለህ በውነት።"

ካሳው እንዲህ ሆነ፦
ብርዱ ከዜሮ በታች ከሃያ ሲወርድ፣
የጭስ ማውጫው ጭስ ቀጥ ሲል፣ ነፋስ ሲበርድ፣
አንዷን ማሽን ሳላጠፋ እተውላታለሁ፤
አለቃዬ ቢጠይቅ "ረሳሁ" እላለሁ።

ሠላሳ ዓመት የወተት መኪና ነድታለች፤
ፀሐይን መሰለል መንገድ ላይ ለመደች።
አንድ ጠዋት ሦስት ሆና ወጣች፤ አንዷ ከመሀል፣
ሁለቱ ግራና ቀኝ፣ እንደ ሚዜ፣ ትንሽ ዝቅ ማለት ሲቀራቸው እኩል።
ፍሬን ያዘች ራውሃ፤
ከኋላዋ ጡሩንባ፣ ከጭነቷ የወተት ጋጋታ።

ከዚያ ወዲህ ደብተር አላት፣ ሰማያዊ ሽፋን፤
ቀን፣ ሰዓት፣ ዲግሪ፣ የቀለበቱ መጠን።
ብዙው ገጽ ግን እንዲህ ነው፦ "ደመና። ምንም የለም።"
"የሌለ ለምን ይጻፋል?" ብላት ቀና እንኳ አላለችም፤
"ያላየሁበትን ቀን ካልመዘገብኩ፣
ያየሁትን ማን ያምነኛል?" አለች። ዝም አልኩ።

ያን ሌሊት ሃያ ስድስት ነበር።
የካሜራዋን ባትሪ ብብቷ ውስጥ ወሽቃ፣
ትንፋሿ ሌንሱን ውርጭ እንዳያለብሰው ተጠንቅቃ፣
መብራቱን መሬት ላይ አኖረች፤ በሆዷ ተኛች፤
"አንተም ተኛ፣ እንደ ግንድ አትገተር" አለች።

ተኛሁ።
ከማሽኑ የሸሸው ብናኝ፣ ባለ ስድስት ጎን ደቃቅ፣
መውደቁን የዘነጋ ይመስል አየር ላይ ሲብረቀረቅ፣
መብራቱን ቀለበት ዞረው፤ ከቀለበቱ ውጭ ሌላ ቀለበት፣
ከአናቱ እንደ ቀንድ የቀጠነ ቅስት።
ሩቅ አይደለም፤ ቅንድቤ ላይ ነው፤ እጄን ብሰድ የምጨብጠው፤
ስሰድ ግን ጓንቴ ብቻ፤ ብርሃኑ ዘሎ አለፈው።

"ቀዩ በውስጥ በኩል ነው፤ አየኸው?" አለችኝ።
"አየሁ።"
"አላየኸውም" ብላ አረመችኝ፤
"ያንተን ነው ያየኸው። የኔ ለኔ ብቻ ነው፤
እያንዳንዱ ዓይን የራሱ ብናኝ ነው የሚያበራለት።"

ሦስተኛው ፎቶ ላይ ካሜራው ዓይኑን ከደነ፤
ከብብት የወጣው ባትሪ በስድስት ደቂቃ መከነ።
እኔ ተናደድኩ። እሷ ሳቀች።

ጠዋት ዳቦ ቤት ስገባ ሰው ሁሉ ስልኩን ዘርግቶ፣
"ኦስሞ፣ የት ነበርክ?" ይለኛል፤ በየስልኩ ሰማይ ቀልቶ!
የሰሜን ብርሃን ነው፤ አረንጓዴው ከታች፣ ደም መሳዩ ከላይ፣ ሐይቁን ሞልቶ፤
ሕፃናት ተቀስቅሰው፣ የቄሱ ሚስት በሌሊት ልብሷ፣
ቡትስ ብቻ ተጫምታ፣ ግቢ መሀል ቆማ አልቅሳ።
እኛ?
እኛ ለሰማዩ ጀርባችንን ሰጥተን፣
ከመኪና የተነቀለ መብራት ፊት
በሆዳችን ተኝተን።

ልነግራት ሮጥኩ። ሰምታለች። ደብተሩን ከፍታ፣
ትጽፋለች፣ እርሳሷን በምላሷ ነክታ፦
"ነፋስ የለም። ሁለት ቀለበት፣ አንድ ቅስት።
ፎቶ ሦስት፤ ሁለቱ ደብዛዛ።
የሰሜን ብርሃን፦ አላየሁም።"

"ከተማው ሁሉ ያየውን?"
"ደብተሩ የከተማው አይደለም።"
ከዚያ እርሳሱን ወደኔ አዞረች፤
"ፈርም፤ ያየኸውን ብቻ። የኔን አይደለም።"

ጻፍኩ፦ "ኦስሞ። ቀለበት። የራሴ።"
እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ከብርዱ ነው፤ ምናልባትም።

ዛሬ ደመና ነው።
ማሽኗን ግን አላጠፋኋትም።